ፕሮሰሱን ከእናቴ የደበቅኩበት ዓመት

እኛ አገር ፕሮሰስ አይወራም። ቪዛ እስኪመታ ድረስ ዝም ነው። የልብ ጓደኛ እንኳ ቦሌ ደርሶ ነው የሚደውለው። ከአፍ ከወጣ ይከሽፋል ይባላል። የሰው ዓይን ይፈራል። ካልተሳካ ደግሞ ወሬው አለ። እኔም በ2015 ዓ.ም. አሜሪካ ለሚገኙ ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ለሳይኮሎጂ ዶክትሬት ሳመለክት ለማንም አልነገርኩም። ለእናቴ እንኳ።

ይህን የምጽፈው ጎንደርም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ፣ ስልካችሁ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ደብቃችሁ ለያዛችሁ ነው። ስለ ቅጹና ስለ ፈተናው የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ስለ መጠበቁ ግን የሚያወራ ብዙ የለም። እኔን የጎዳኝ ደግሞ እሱ ነው።

በሳይኮሎጂ የተመረቅኩት በ2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጋይዳንስ (የተማሪዎች አማካሪ) ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መዝገብ። ሥራውን ወደድኩት። ግን ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት ነገር ከተማርኩት በላይ ሆነብኝ። አንዳንድ ቀን ልጁ ከወጣ በኋላ "አሁን ምን ማለት ነበረብኝ?" እያልኩ እዚያው እቀመጣለሁ። መማር አለብኝ አልኩ።

መጀመሪያ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ የሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ለመግባት ማስተርስ በአብዛኛው ግዴታ አይደለም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። ፒኤችዲው ብዙ ጊዜ ፈንድ አለው። የትምህርቱ ክፍያ ይሸፈናል፣ ለኑሮም ይሰጣል፤ በምትኩ በምርምርና በማስተማር ትሠራላችሁ። ሳይዲ የሚባለው ሌላው የሳይኮሎጂ ዶክትሬት ግን በአብዛኛው ከኪስ ነው። ማስተርሱም እንደዚያው። ስለዚህ ገንዘብ የሌለን ሰዎች ሁላችንም ወደ አንድ በር እንሄዳለን። በሩ ደግሞ ጠባብ ነው። አንድ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራም በመቶዎች ከሚቆጠሩ አመልካቾች መካከል በዓመት ከአምስት እስከ አሥር ሰው ቢወስድ ነው። ይህን ሳላውቅ ገባሁበት። ባውቀው ኖሮ ማመልከቴን አልተውም ነበር፤ መልሱን ግን በሌላ ልብ አነበው ነበር።

ትልቁ ስህተቴ ዩኒቨርሲቲ መርጬ ሰው አለመምረጤ ነው። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች አመልካቹን የሚፈልገው አንድ ፕሮፌሰር ነው። እሱ ወይም እሷ አምስት ስድስት ዓመት በምርምር ቡድናቸው ውስጥ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው የሚያዩት። "ይህ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ከእኔ ጥያቄ ጋር ይገናኛል ወይ?" ብለው ያነባሉ። እኔ ግን ስመ ጥር የሆኑትን ደረደርኩ። ስቴትመንቴ (ለምን መማር እንደምፈልግ የጻፍኩበት ጽሑፍ) ላይ ስማቸውን ከጠራኋቸው ፕሮፌሰሮች ሁለቱ በዚያ ዓመት ተማሪ እንደማይቀበሉ ገጻቸው ላይ ጽፈው ነበር። አላየሁትም። እባካችሁ ከማመልከታችሁ በፊት የእያንዳንዳቸውን ገጽ እስከ ታች አንብቡ። ካልተጻፈም አጭር ኢሜይል ጻፉና "ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ትቀበላለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። እንዲያውም የተለመደ ነው።

መልስ መምጣት የሚጀምረው ጥር አካባቢ ነው። ጥር ደግሞ ጎንደር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅበን ወደ አጼ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ከተማው በሰው ሞልቷል። ኔትወርኩ ተጨናንቆ ኢሜይል አይከፍትም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ድንገት ስልኬ ጮኸ። የመጀመሪያው መልስ ነበር። እንግሊዝኛው ትሑት ነው፤ ብዙ ጥሩ አመልካቾች እንደነበሩ ይናገራል። አንብቤ ስልኩን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩት። በነጋታው ንጋት ላይ ጸበሉ ተባርኮ ሲረጭ፣ ወጣቶቹ ውኃው ውስጥ ሲዘሉ፣ ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ አለቅሳለሁ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው "አይዞሽ ልጄ፣ ይሰማሻል" አሉኝ። በጸሎት የማለቅስ መስሏቸው ነው። እናቴ ደግሞ ከእሳቸው ወዲያ ቆማ እያየችኝ ነበር።

ሌሎቹ ተከታትለው መጡ። ሦስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ። አንደኛው እስከ ዛሬ አልመለሰም። የአሜሪካ የሥራ ሰዓት የእኛ ማታና ሌሊት ስለሆነ እንቅልፌን አጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የስልኩን ድምፅ እጠብቃለሁ። ምግብ አልበላም አልኩ። ትምህርት ቤት ልጆቹን እያዳመጥኩ ሐሳቤ ይሄዳል። ይህን ሳደርግ ራሴን የያዝኩት በአንዲት ተማሪ ፊት ነው። የነገረችኝን ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ያን ቀን አልረሳውም።

እናቴ መጀመሪያ በሽታ መሰላት። ከዚያ የሰው ነገር፣ ፍቅር ምናምን መሰላት። በመጨረሻ ማልዳ ቀስቅሳ ጸበል ወሰደችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ሄድኩ። ስንመለስ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ "እናትሽ ነኝ፤ ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እማዬ፣ አሜሪካ ለመማር አመልክቼ ነበር። ስድስቱ አልቀበልም አሉኝ። ሰባተኛው ዝም ብሏል።"

ቆየት አለችና "ለሰባት የማታውቂያቸው ሰዎች ነግረሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ?" አለች።

ሌላ አልተቆጣችም። ቀጥላ የጠየቀችኝ "ስንት አስከፈሉሽ?" ብላ ነው። አንዱ 75 ዶላር ገደማ መሆኑን ነገርኳት። በዚያን ጊዜ ምንዛሬ ወደ 4 ሺህ ብር ነው። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከፍሎልኝ ከደመወዜ ቀስ በቀስ እየመለስኩለት ነበር። እናቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። በልቧ በኪሎ ስታሰላው ፊቷ ላይ አየሁ። ከዚያ "ዘንድሮ ልትደግሚ ነው?" አለችኝ። ልደግም እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ ራሴም አላውቅም ነበር። "አዎ" አልኩ። ያን ማታ ራት በላሁ።

ለሁሉም ሰው ንገሩ አልልም። እኔ ሁለተኛውን ዙር የነገርኩት ለሦስት ሰው ነው፤ ለእናቴ፣ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ። ሦስቱም የተለያየ ነገር አገዙኝ። ማውራትም ዋጋ አለው፤ ይህን አልደብቅም። እናቴ ለአንዲት ጎረቤት ሹክ አለቻት። ከዚያ በኋላ ቡና በተፈላ ቁጥር "መጣ ወይ?" የሚል ጥያቄ አለ። አንዳንዴ ያማል። ግን ብቻዬን ካለቀስኩበት ጥምቀት ጋር ሳወዳድረው ይሻለኛል።

ሁለተኛው ዙር ከባድ ጊዜ ላይ ወደቀ። ሐምሌ 28፣ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መንገዱም የሚያስተማምን አልነበረም። የማመልከቻው ቀን ግን ጎንደርን አይጠብቅም። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ዲሴምበር 1 ወይም 15 ይዘጋሉ፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 21 እና ታኅሣሥ 5 ላይ ዋለ።

እንዲህ አደረግኩ። ሁሉን ነገር ያለ ኢንተርኔት ጻፍኩ። ስቴትመንት፣ ሲቪ፣ የትራንስክሪፕት ኮፒ፣ ሁሉንም ፍላሽ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ስም ለየሁ። የቅጹን ጥያቄዎች አስቀድሜ በወረቀት ገለበጥኩ። መስመር ኢንተርኔት ያለው አንድ ቦታ ሲገኝ ሄጄ በአንድ ቁጭታ አስገባሁ። ደግሞ ሰዓቱን አስሉ። ቀኑ የሚያልቀው በነሱ ሰዓት ከሆነ፣ የምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ሌሊት በክረምታቸው ለእኛ በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አንድ ማመልከቻ የዳነልኝ በዚያች ትርፍ ሌሊት ነው።

የድጋፍ ደብዳቤው የባሰ አስቸገረ። ሦስት ያስፈልጋል። እዚህ የተለመደው "ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ" ነው። እዚያ ግን አይሠራም። ሊንኩ በቀጥታ ለመምህሩ ይላካል፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚያስገቡት፤ በተቻለ መጠን በዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው። ሁለቱ መምህሮቼ ኢሜይላቸውን መክፈት አልቻሉም። በስልክ ደውዬ "መምህር፣ ይቅርታ ላስቸግርዎ" እያልኩ ስንት ጊዜ እንደለመንኳቸው! ከዚያ በዚህ ዙር ለመረጥኳቸው አምስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለየድኅረ ምረቃ ቢሮአቸው አጭር ኢሜይል ጻፍኩ። የምኖርበት ክልል ኢንተርኔት መቋረጡን፣ ደብዳቤው ሊዘገይ እንደሚችል። አላለቃቀስኩም፤ የሆነውን ብቻ ነገርኳቸው። አራቱ ችግር የለም ብለው መለሱ። በዚያው የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልኝ ጠየቅኩ። ከአምስቱ ሦስቱ አነሱልኝ። በመጀመሪያው ዓመት ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ሳልጠይቅ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ወረቀት ሁለት ነገር ልጨምር። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ለተቀባዩ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስቱደንት ኮፒውን ቅጹ ላይ አስገብታችሁ ኦፊሻሉን ከተቀበሏችሁ በኋላ የሚያስልኩ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ስም ነው። የእኔ ስም ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል፣ ዲግሪዬ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል። "የቤተሰብ ስም" በሚለው ቦታ አንዱ ላይ የአባቴን፣ ሌላው ላይ የአያቴን ሞላሁ። ለሁለት ሳምንት ሰነዶቼ የሁለት ሰው ሆነው ተቀመጡ። ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ አድርጉት፤ ከመጀመሪያው ቅጽ እስከ መጨረሻው። ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ያስተማራችሁ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያንን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ አሉ። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ደግሞ ብዙ የሳይኮሎጂ ፕሮግራሞች ትተውታል። ለፈተናው ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ስቴትመንቱ።

የመጀመሪያው ዓመት ስቴትመንቴ ከየትም አገር ሰው ሊጻፍ የሚችል ነበር። ሰውን መርዳት እወዳለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ስሜት ይገርመኛል፣ እንዲህ ያለ። ጎንደር የሚል ቃል አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የዩኒቨርሲቲዬ ስም ላይ። ሥራዬንም፣ ከተማዬንም፣ ቋንቋዬንም ደብቄአለሁ። የሚፈልጉት ይህን አይደለም ብዬ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ባልደረባዬ ረቂቄን አንብባ "ይህን የጻፈችውን ልጅ አላውቃትም" አለችኝ። "በየቀኑ ሻይ ላይ የምትነግሪኝ ነገር የታለ?" የምነግራት ይህ ነበር። በዚያ ዓመት ልጆቹ ቢሮዬ ሲመጡ ተጨነቅኩ አይሉም። ድብርት የሚለውንም አይሉም። "ራሴን ያመኛል" ይላሉ። "ልቤን ፈራ ፈራ ይለዋል" ይላሉ። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ብሎ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ፒኤችኪው 9 የሚባል መጠይቅ አለ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረ የድብርት ስሜት ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል። ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፣ እዚህ አገርም ተፈትሿል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ባር ባር ማለት ከዘጠኙ በየትኛው ውስጥ ይገባል? ወይስ በአንዱም አይገባም?

ስቴትመንቴን በዚያ ልጅ ዓረፍተ ነገር ጀመርኩት። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሚታወቅበትን ነገር ሁሉ አውጥቼ። ከዚያ ጥያቄዬን ጻፍኩ። ከዚያ በትርፍ ጊዜዬ ለአንድ ጥናት ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ የተማርኩትን። ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪም በአውሮፓውያን 1932 ከጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ድረስ መጥቶ ዛርን አጥንቶ ነበር። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው እንኳ የእኛ ሰው ጭንቀቱን በምን ስም እንደሚጠራ ጠይቋል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ለምን እደብቀዋለሁ? ሲገባኝ ጽሑፉ በሁለት ሌሊት አለቀ።

ከአምስቱ አንዱ ለኢንተርቪው ጠራኝ። በዙም ነው። ጎንደር ላይ አልሞክረውም አልኩና ከአዘዞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄድኩ፤ አክስቴ ቤት። የቲኬቱን ግማሽ እናቴ ከበርበሬው ከፈለች። ፕሮፌሰሯ ስለ ባር ባር ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ላስረዳት ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ሳቀችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አንድ ነገር ያዙ። መጨረሻ ላይ "አንቺስ ምን ትጠይቂኛለሽ?" ይላሉ። "ምንም የለኝም" አይባልም። ተማሪዎቻቸው ከእነሱ ጋር እንዴት እንደሚሠሩ፣ ፈንዱ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ አሁን የያዙት ጥናት የት እንደደረሰ ጠይቁ። ከተማሪዎቻቸው ጋር ብቻችሁን ስታወሩም ስለ ኑሮው ጠይቁ።

ዌይቲንግ ሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡኝ። የመጨረሻው ቀን አፕሪል 15 ነው፤ ሚያዝያ 7። ፈንድ የቀረበለት አመልካች እስከዚያ ቀን እንዲወስን የሚያደርግ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ስምምነት አለ። ሁለት ሦስት ቦታ የተቀበሉት ሰው አንዱን ሲለቅ ለተጠባባቂ ይደርሳል። ስለዚህ ዌይቲንግ ሊስት ማለት አልቀበልም ማለት አይደለም። ግን ጥበቃው ይረዝማል።

ይህን ጥበቃ እንደ መጀመሪያው አልጠበቅኩትም። የኢሜይሌን ፓስወርድ ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ጎንደር ሞባይል ኢንተርኔት ስላልነበረ ሌላ ምርጫም አልነበረኝም። "በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብቻ ደውልልኝ። ምንም ከሌለ አትደውል" አልኩት። ከ3 ሰዓት በኋላ ቀኑ የራሴ ሆነ። እንቅልፌም ተመለሰ። ኢንተርኔት ላላችሁም ይህን እመክራለሁ። ኢሜይሉን ከስልካችሁ አውጡትና ለምታምኑት ሰው ስጡት። ማታ ማታ ከባልደረባዬ ጋር እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግር እንሄድ ነበር። ስለ ማመልከቻው ላለማውራት ተስማምተን።

ሚያዝያ 8 ጠዋት ደወለ። ቦታ አልተገኘም። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ፊቴን አይታ ገባት። "እሺ" አለች፣ መቁላቷን ሳታቆም። "ጠጪና ወደ ሥራሽ ሂጂ፤ ልጆቹ ይጠብቁሻል።" ጠጣሁና ሄድኩ። አለቀስኩ፣ ግን መንገድ ላይ፣ ባልደረባዬ ክንዴን ይዛኝ።

ለፕሮፌሰሯ የምስጋና ኢሜይል ላክሁ። መለሰችልኝ። ጥያቄሽን አትጣይው፣ ማስተርስ እዚያው ካገኘሽ ሥሪበት፣ ከዚያ ጻፊልኝ አለች። በዚያው ክረምት ለአገር ውስጥ ማስተርስ አመለከትኩ። ሀገር አቀፉ የመግቢያ ፈተና በአብዛኛው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ማገናዘብ ነው። ሳይኮሎጂ የተማርን ሰዎች ሒሳቡን እንፈራለን። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጥቼ ለሁለት ወር ሠራሁ፤ የሚበቃም እሱ ነው። አለፍኩ። አሁን ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ስለ ባር ባር ነው። አማካሪዬ መጀመሪያ ሲሰሙ ርዕሱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ "እናቴም ትለው ነበር" አሉ።

ጎንደር ስመለስ ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ልጆች ጋር ስቴትመንት እናነባለን። አንደኛዋ ባለፈው ያመጣችው ረቂቅ ሰውን መርዳት እንደምትወድ ይናገራል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ካርድ ክፍል እንደምትሠራ ግን አንድም ቦታ አልጻፈችም። እዚያ ምን እንደምታይ ጠየቅኳት። ማውራት ስትጀምር ሁለታችንም ብዕር አነሳን። እስኪመሽ ሁለተኛውን አንቀጽ አልጨረስነውም።